ከድሬሰር እስከ ዲፕሎማ ነርስ፦ የአጭር ጊዜ የጤና ሥልጠና ታሪክ በጎንደርና በአካባቢው

መግቢያ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያመራው አውራ ጎዳና አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትንና ደባርቅን ካለፈ በኋላ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። ዛሪማን አልፎ አዲ አርቃይ ይደርስና ወደ ተከዜ ሸለቆ ጉዞውን ይቀጥላል። መንገዱ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጠረበ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ለነጋዴውም፣ ለወታደሩም፣ ለታማሚውም መተላለፊያ ሆኖ ኖሯል። ምጥ ለጠናባት ወይም ከወሊድ በኋላ ደም ለሚፈሳት እናት ግን በአዲ አርቃይና በጎንደር መካከል ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ከሚለካው በላይ ነው። ዳገቱ፣ ጭጋጉ፣ የመኪናው መገኘትና አለመገኘት ሁሉ በሕይወቷ ላይ ይፈርዳሉ።

እንዲህ ባለ ቦታ ታማሚው መጀመሪያ የሚያገኘው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም አልነበረም። ቀድሞ ድሬሰር ነበር፤ ቀጥሎ ጤና ረዳት፣ ከዚያም ጀማሪ ነርስ፣ ኋላም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ዲፕሎማ ነርስ ሆነ። ስሙና የሥልጠናው ዘመን በየጊዜው ቢለዋወጥም ከእርሱ የሚጠበቀው ሥራ ብዙ አልተለወጠም፦ ቁስል ማጠብ፣ ትኩሳት መለካት፣ ክትባት መስጠት፣ የወለደችን እናት መከታተል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ለይቶ በጊዜ መላክ።

የሀገራችን የሕክምና ታሪክ ሲጻፍ ሆስፒታሎች፣ ፋኩልቲዎችና ስመ ጥር ሐኪሞች ሰፊ ቦታ ያገኛሉ። በአጭር ጊዜ ሠልጥኖ ገጠሩን ይዞ የኖረው ባለሙያ ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል። ይህ ጽሑፍ የዚህን ባለሙያ የሥልጠና ታሪክ ጎንደርን ማዕከል አድርጎ ለመዳሰስ ይሞክራል። ከታሪኩ የሚወጣው ፍሬ ነገርም፣ በጸሐፊው እምነት፣ የሚከተለው ነው። የሥልጠናው ማጠር በራሱ ባለሙያውን አላዳከመውም። ባለሙያው የደከመው ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል ሲያጣ፣ ከቡድኑ ሲነጠልና ሥራውን የሚከታተልለት ሰው ሲጠፋ ነው።

ድሬሰሩ

ዘመናዊ ሕክምና በኢትዮጵያ ሥር መስደድ የጀመረው ከዐድዋ ድል በኋላ ነው። በ1888 ዓ.ም. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ሲያክም ከቆየ በኋላ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ለመቋቋሙ መንገድ ከፈተ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም በ1902 ዓ.ም. ተመሠረተ። በዘመናዊ ሕክምና ትምህርት ቤት ተምረው ሐኪም የሆኑት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ የጎንደር ተወላጅ ነበሩ። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንን ተወስደው በሕንድ አገር፣ በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተማሩ። ይሁን እንጂ የእርሳቸውን ፈለግ የተከተሉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የጣሊያን ወረራ ደግሞ ከተማረው ወጣት ብዙውን ፈጀው።

ከነጻነት በኋላ፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ ሆስፒታሎች እንደገና ሥራ ሲጀምሩ አብዛኞቹ ሐኪሞች የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በእነርሱና በሕዝቡ መካከል የቆመው ድሬሰሩ ነው። ድሬሰርነት በመጀመሪያ በሥራ ላይ የሚለመድ ሙያ ነበር። ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት በሆስፒታል ውስጥ ተቀጥሮ ፋሻ መጠቅለል፣ ቁስል ማጠብ፣ መርፌ ማፍላት፣ መሣሪያ ማቀበል ይማራል። ቀስ በቀስም መርፌ መውጋትና መድኃኒት ማደል ይፈቀድለታል። የታማሚውን ቋንቋ ስለሚያውቅ ለሐኪሙ አስተርጓሚ ይሆናል። ሐኪሙ የሚሰማው ታሪክ በድሬሰሩ አፍ የተነገረ ነበርና የምርመራው ጥራት በከፊል በእርሱ እጅ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

በገጠር ደግሞ ድሬሰሩ ብቻውን ክሊኒክ ይዞ ይቀመጥ ነበር። ሕዝቡ ነጭ ካፖርት የለበሰውን ሁሉ «ሐኪም» ብሎ ይጠራል፤ ድሬሰሩም በዚያ ስም ይከበራል። ይህ ክብር ከነሸክሙ ነበር። በሥልጠናው ያልተማረውን እንዲያውቅ፣ ያልተፈቀደለትን እንዲያደርግ ይገፋፋዋልና። የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1940 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ሲቋቋም ከገጠሙት ጉዳዮች አንዱ ይህንኑ በልምድ የተገኘ ሙያ በሥርዓት ወደሚሰጥ ሥልጠና ማሸጋገር ነበር።

በዚያው ዘመን የነርስነት ትምህርት በመዲናዋ ተጀመረ። በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው የተመረቁት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በነቀምት ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት በለጋ ዕድሜያቸው ዐረፉ። ለመታሰቢያቸው የተሠራው ሆስፒታል፣ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሆነው፣ የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አማካይነት የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ለሀገሪቱ የነርስነት ሙያ መሠረት ቢሆኑም ከእነርሱ የሚወጡት ነርሶች ጥቂቶች ነበሩ። እነርሱንም የአዲስ አበባና የትልልቅ ከተሞች ሆስፒታሎች ይወስዷቸው ነበር። እንደ አዲ አርቃይ ላለ ቦታ የሚተርፍ አልነበረም።

የደምቢያ ወባና የጎንደር ኮሌጅ

እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በሚገኘው የደምቢያ ሜዳ የተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይነገራል። የሟቾቹ ቁጥር ያስደነገጠውን ያህል፣ አደጋው በደረሰበት ጊዜ በአካባቢው ወረርሽኝን የሚለይ፣ የሚያስታውቅና የሚከላከል የሠለጠነ ሰው አለመኖሩም አሳሳቢ ነበር። ወባ የሆስፒታል አልጋ በመጨመር የሚገታ በሽታ አይደለም። በመንደር ደረጃ የሚሠራ፣ ውኃ ያቆረውን ረግረግ የሚያይ፣ ትኩሳቱን የሚያክም፣ ሕዝቡን የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) እና «ነጥብ አራት» ይባል ከነበረው የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ጋር በመተባበር ያቋቋመው ይህ ተቋም በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ከመከፈቱ ዐሥር ዓመት ያህል ቀድሞ ሥራ መጀመሩን ልብ ይሏል። ሀገሪቱ ሐኪም ማሠልጠን ከመጀመሯ በፊት የገጠር ጤና ቡድን ማሠልጠን መረጠች ማለት ነው።

ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን በአንድ ግቢ አሠለጠነ። የጤና መኮንኑ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ የሚገባ፣ በሽታን መርምሮ ማከምንም፣ የጤና ጣቢያ ማስተዳደርንም፣ ወረርሽኝ መቆጣጠርንም የሚማር ነበር። የማኅበረሰብ ነርስ አጠር ባለ ሥልጠና እናቶችንና ሕፃናትን መከታተልን፣ ማዋለድንና ቤት ለቤት መጎብኘትን ትማራለች። ሳኒታሪያኑ ውኃን፣ መጸዳጃንና የመኖሪያ አካባቢን ይመለከታል። ኋላ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ተጨመረባቸው።

የሥልጠናው ዋና ሐሳብ ቡድን የሚለው ቃል ነበር። እነዚህ ሰዎች በተማሪነታቸው አብረው ወደ መስክ ይወጣሉ፤ ከተመረቁ በኋላም አብረው በአንድ ጤና ጣቢያ ይመደባሉ። በዕቅዱ መሠረት አንድ ጤና ጣቢያ 50,000 ያህል ሕዝብ ያገለግላል፤ በዙሪያውም በድሬሰሮች የሚመሩ አነስተኛ ክሊኒኮች ይኖሩታል። በደምቢያ የሚገኘው የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ለዚህ አሠራር ማሳያና የተማሪዎች መለማመጃ ከሆኑት ቀደምት ጣቢያዎች አንዱ ነው። ወረርሽኙ በተከሰተበት ወረዳ ተማሪዎች መሠልጠናቸው ትምህርቱን ከቦታው ችግር ጋር አስተሳስሮታል።

ኮሌጁ ገና ዐምስት ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ሀገሪቱ ከደምቢያው እጅግ የከፋ የወባ ወረርሽኝ ገጠማት። በደጋው ጫፍ ጫፍ በሚገኙ ሰፊ አካባቢዎች 3,000,000 ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል ሰው እንደሞተ በወቅቱ ጉዳዩን የመረመሩ ባለሙያዎች ገምተዋል። ጎንደር የጀመረችው ሥልጠና ምን ያህል አስፈላጊ፣ የሠለጠኑት ሰዎች ቁጥር ደግሞ ምን ያህል ትንሽ እንደነበረ ይህ ወረርሽኝ በግልጽ አሳይቷል።

መሰላሉ ሲጎድል

የጎንደር ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም. ከተመሠረተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሐደ። የጤና መኮንኖቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ተበትነው ጤና ጣቢያዎችን መሩ፤ ፈንጣጣን ለማጥፋት ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በተካሄደው ታላቅ ዘመቻም የኮሌጁ ምሩቃን ድርሻ ነበራቸው። የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ በኢትዮጵያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 በኦጋዴን ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን አንድ ጥያቄ እየጎላ መጣ። የጤና መኮንኑ ነገ ምን ይሆናል? በጤና ጣቢያው ዐሥር ዓመት ካገለገለ በኋላ የሚወጣበት ደረጃ በግልጽ አልተሠራም ነበር። ብዙዎች ወደ ሕክምና ትምህርት ገቡ፤ ሌሎች በሕዝብ ጤና ከፍተኛ ትምህርት ለመማር ወደ ውጭ ሄዱ። ግለሰቦቹ የሚመሰገን እድገት አገኙ፤ ጤና ጣቢያው ግን ያሠለጠነውን ሰው አጣ።

እ.ኤ.አ. በ1978 በጀርመን ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ከሚገኘው የላይፕዚክ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር በጎንደር የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። ለጎንደርና ለሰሜኑ ክፍል ታላቅ ዕድል ነበር፤ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ሐኪሞች ብዙዎቹ የዚያ ትምህርት ቤት ፍሬዎች ናቸው። ነገር ግን ከሐኪሞች ሥልጠና መጀመር ጋር የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ፤ ዳግም የተጀመረው ከዐሥራ ዐምስት ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ከፍ ያለው ሙያ ሲመጣ ዝቅ ያለው እንደ ትርፍ ተቆጠረ። በመካከሉ ግን አዲሶቹ ሐኪሞች የገጠሩን ጤና ጣቢያዎች ለመሙላት የሚበቁ አልነበሩም።

የመንግሥት መመሪያ በዚያው ጊዜ ወደ መሠረታዊ የጤና አገልግሎት አዘንብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለሁሉም ጤና የሚለውን ዓላማ ሲያውጅ የኢትዮጵያም ዕቅድ በዚያ ተቃኘ። የድሬሰሩ ቦታ በጤና ረዳት ተተካ፤ የጤና ረዳቱ በሆስፒታሎች በተቋቋሙ ትምህርት ቤቶች በተወሰነ ሥርዓተ ትምህርት ይሠለጥን ነበር። ከእርሱ በታች በጥቂት ወራት የሚሠለጥን የማኅበረሰብ ጤና ወኪልና የሠለጠነች የልምድ አዋላጅ ነበሩ፤ ደመወዛቸው ከመንደሩ ነዋሪ ወይም ከገበሬ ማኅበሩ እንዲገኝ ታቅዶ ነበር። ብዙዎቹ ወኪሎች ክፍያም፣ ተቆጣጣሪም፣ የመድኃኒት አቅርቦትም በማጣታቸው ሥራቸውን ተዉ። ሥልጠናው በራሱ መጥፎ ነበር ለማለት አይቻልም፤ ከሥልጠናው በኋላ የሚጠብቃቸው ነገር አልነበረም።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በሩሲያ ገጠሮች በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ፌልድሸር የሚባለው የአጭር ሥልጠና ባለሙያ ሐኪም በማይደርስበት ሁሉ ይሠራ ነበር፤ ይህ ሙያ በሶቪየት ዘመንም ቀጥሎ ብዙ ፌልድሸሮች ወደ ሐኪምነት አድገዋል። በአሜሪካ በተግባር ላይ ያተኮረ አጭር የነርስነት ሥልጠና በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ተጀምሮ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የነርሶች እጥረት ሲበረታ ተስፋፋ፤ ከጊዜ በኋላም በሙያ ትምህርት ቤቶች የሚሰጥና የሥራ ፈቃድ የሚያስገኝ ሙያ ሆነ።

በእንግሊዝ የሆነው ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1943 በወጣው ሕግ በሁለት ዓመት ሥልጠና የሚመዘገቡ ነርሶች ከሙሉ ነርሶች በተለየ መዝገብ እንዲሰፍሩ ተደረገ። እነዚህ ነርሶች ለዐሥርተ ዓመታት የሆስፒታል ክፍሎችን የሌሊት ሥራ ተሸክመው ቢኖሩም ወደ ሙሉ ነርስነት የሚያሸጋግራቸው መንገድ ጠባብ ነበር። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሥልጠናው እየቀረ ሲሄድ ለነባሮቹ የማሻሻያ ትምህርት ተዘጋጀ። ማሻሻያው ከመጀመሪያው ቢኖር ኖሮ ብዙ ቅሬታ ይቀር ነበር የሚሉ ጥቂቶች አይደሉም።

የቴክኒክና ሙያ ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲና ከ1990 ዓ.ም. አንሥቶ የተተገበረው የጤናው ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር የጤና አደረጃጀቱን ከታች እንዲጀምር አደረጉ። ጤና ረዳቶች ወደ ጀማሪ ነርስነት እንዲያድጉ፣ በኋላም ዲፕሎማ እንዲይዙ ተደረገ። የትምህርት ሥርዓቱ ሲለወጥ ደግሞ ዐሥረኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ ወደ መሰናዶ ካልገባ ወደ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ያመራ ጀመር። «ዐሥር ሲደመር አንድ»፣ «ዐሥር ሲደመር ሦስት» የሚሉት አጠራሮች በየቤቱ የታወቁት ያኔ ነው። ነርስነት ከእነዚህ ሙያዎች ሁሉ ይልቅ የሚፈለግ ሆነ፤ ለገበሬ ልጅ የመንግሥት ደመወዝና የተከበረ ስም በሦስት ዓመት ያስገኛልና።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህንኑ መስመር ተከትሎ ከእርሱም አለፈ። ዐሥረኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ሴቶች ከገዛ ቀበሌያቸው ተመርጠው በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ለአንድ ዓመት ይሠለጥናሉ፤ አብዛኛው ሥልጠና በተግባር የሚሰጥ ነው። ከዚያም 5,000 ያህል ሕዝብ ለሚኖርበት ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው በጤና ኬላ ይመደባሉ። ሥራቸው በዐሥራ ስድስት ፓኬጆች የተከፈለ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ሴቶች ሠልጥነው ተሠማሩ። ከማኅበረሰብ ጤና ወኪሎቹ የሚለያቸው ትልቁ ነገር የመንግሥት ደመወዝተኞች መሆናቸው ነው።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ1,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት እ.ኤ.አ. በ2000 166 የነበሩ ሲሆን በ2016 ወደ 67 ወርደዋል። በሠለጠነ ባለሙያ የሚወልዱ እናቶች በዚያው ጊዜ ከመቶ 6 ተነሥተው ከመቶ 28 ደርሰዋል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ክትባት፣ የአልጋ አጎበርና የጤና ትምህርት በአንድ ዓመት ሥልጠና ብዙ ርቀት ተጉዘዋል። ማዋለድ ግን አልተቻለም፤ በጥቂት ሳምንታት ልምምድ የሚያዝ ሙያ አይደለምና። ለዚህ ነው በኋላ አዋላጅ ነርሶችን በብዛት ማሠልጠንና እናቶችን ወደ ጤና ጣቢያ ማምጣት ያስፈለገው። አጭር ሥልጠና የቱን ሥራ መሸከም እንደሚችልና የቱን እንደማይችል ለይቶ ማወቅ የዚህ ዘመን ትልቁ ትምህርት ነው።

በሌላ በኩል በ1990ዎቹ ዓ.ም. የግል ኮሌጆች በየከተማው በፍጥነት ተስፋፉ። አንዳንዶቹ በጥንቃቄ ያሠለጠኑ ሲሆን፣ ሌሎች ግን ተማሪ ከተቀበሉ በኋላ የተግባር መለማመጃ ሆስፒታል ፍለጋ የሚሯሯጡ ነበሩ። በአንድ የማዋለጃ ክፍል ዙሪያውን ብዙ ተማሪ ቆሞ አንዲት እናት ስትወልድ ማየት ሥልጠና አይባልም። የሙያ ብቃት ምዘናና ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ለጤና ሙያ ተመራቂዎች የተጀመረው የሥራ ፈቃድ ፈተና ይህን ክፍተት ለመዝጋት የታሰቡ ናቸው። ይሁንና ፈተና ያልተማሩትን ያሳያል እንጂ አያስተምርም።

ከአዲ አርቃይ ወደ ተዳ

ይህ ሁሉ ለአዲ አርቃይ ወጣት ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። ነርስነትን የመረጠች የአዲ አርቃይ ልጅ ሊማሊሞን ወጥታ፣ ደባርቅንና ዳባትን አልፋ ጎንደር ትገባለች። የክልሉ መንግሥት የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚገኘው ከጎንደር በስተደቡብ፣ ከአዘዞ አለፍ ብሎ በተዳ ነው። በባሕር ዳር፣ በደሴ፣ በደብረ ማርቆስና በደብረ ብርሃንም መሰል ኮሌጆች አሉ። የዐሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ የመግቢያው ሥርዓት ቢለወጥም የሥልጠናው ይዘት ያው ነው፦ የሰውነት አሠራር፣ የነርስነት መሠረተ ትምህርት፣ የመድኃኒት አሰጣጥ፣ የእናቶችና ሕፃናት ጤና፣ ከዚያም በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ ልምምድ።

ልምምዱ በጎንደር ሆስፒታል ሲሆን የምታየው ታማሚ ብዙና የተለያየ ነው፤ ከአጠገቧም ሬዚደንትና መምህር አለ። ተመርቃ ወደ ወረዳዋ ስትመለስ ግን የሚጠብቃት ሌላ ነው። በክረምት መውጫ ከቆላው የሚመጣ ወባ፣ በሕፃናት ላይ የሚበረታ የሳንባ ምችና ተቅማጥ፣ በሌሊት የምትመጣ ምጥ የያዛት እናት ይጠብቋታል። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ወደ ሑመራና ወደ መተማ ወርዶ የተመለሰ የቀን ሠራተኛም አለ። ይህ ሠራተኛ ለሳምንታት የዘለቀ ትኩሳት፣ የከሳ ሰውነትና ያበጠ ጣፊያ ይዞ ሲመጣ ነርሷ የወባ መድኃኒት ደግማ ደጋግማ ብትሰጠው ይሞታል። ካላዛርን ጠርጥራ ወደሚመረመርበት ብትልከው ይድናል። በዚያች ቅጽበት ሕይወትን የሚወስነው በሥልጠናዋ ጊዜ አንድ የካላዛር ታማሚ በእጇ ዳስሳ ማየት አለማየቷ ነው።

ይህ ሸክም በሰላም ጊዜም ከባድ ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በሰሜኑ የነበረው ጦርነት ወደ አዲ አርቃይና አካባቢዋ በገባ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ተፈናቅሏል። በክልሉ በርካታ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል፤ ተሰባብረዋል። ሕንፃና አልጋ በዕርዳታ ሊተኩ ይችላሉ። በሥራ የበሰለ ነርስ ከወረዳው ከወጣ ግን እርሱን ለመተካት ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ የዚያን አካባቢ ጤና አገልግሎት መልሶ ማቋቋም ማለት ከግድግዳው በፊት ሰውን ማቆየት ማለት ነው።

ከታሪኩ የምንወስደው

ከድሬሰሩ እስከ ዛሬዋ ዲፕሎማ ነርስ ያለውን መንገድ ስንመለከት ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ።

አንደኛው መሰላል ነው። የጤና መኮንኑ ታሪክ እንደሚያሳየው መሰላል የሌለው ሙያ ጎበዞቹን ቀድሞ ያጣል። መሰላል ሲሠራ ግን የሚሆነውን በዚሁ ሙያ አይተነዋል። የጤና መኮንኖች ሥልጠና ከተመለሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ፣ የጤና መኮንኖች በማስተርስ ደረጃ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ እንዲሠለጥኑ ተደርጓል። ባለሙያዎቹ በገጠር የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች እናቶችን በቀዶ ሕክምና እያዋለዱ ነው። መሰላሉ ወደ ከተማ ብቻ ሳይሆን በገጠሩ ውስጥም ወደ ላይ ስለሚያወጣ ባለሙያውም ሕዝቡም ተጠቅመዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወደ ደረጃ 4 እንዲያድጉ መደረጉም በዚሁ መንፈስ የሚታይ ነው። ለወረዳዋ ነርስም ይኸው ሊታሰብላት ይገባል።

ሁለተኛው ቡድን ነው። የጎንደር ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የጀመረው የጋራ ሥልጠና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ተደባልቀው ወደ ጤና ጣቢያዎች በሚወጡበት የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም እስከ እኛ ዘመን ደርሷል። በዚያ ያለፈ ሐኪም ነርስ ምን እንደምትሠራ ከመጽሐፍ ሳይሆን አብሮ በማደር ያውቃል። የክልል የጤና ሳይንስ ኮሌጆች ተማሪዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ቡድን ውጭ ናቸው። በአንድ ጤና ጣቢያ በተለያየ ሳምንት የሚለማመዱትን የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎች በአንድ ሳምንት አብሮ ማሠራት አዲስ በጀት አይጠይቅም። ለመርሐ ግብር የሚቀመጡ መምህራን ተገናኝተው ቢመክሩ ይበቃል።

ሦስተኛው ክትትል ነው። የማኅበረሰብ ጤና ወኪሎቹ የጠፉት በአብዛኛው የሚጎበኛቸው በማጣት ነው። እዚህ ላይ እኛ ሐኪሞች በየቀኑ የምናልፈው አንድ ቀላል ነገር አለ። ነርሷ ከአዲ አርቃይ በሪፈር ወረቀት ታማሚ ስትልክ በወረቀቱ ግርጌ ለመልስ የተተወ ቦታ አለ። ምን እንደተገኘ፣ ምን እንደተደረገ፣ ጥርጣሬዋ ትክክል ይሁን አይሁን በሁለት መስመር ብንጽፍላት ያ ለእርሷ የሥልጠናዋ ቀጣይ ክፍል ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያ ቦታ ባዶውን ይቀራል። ነርሷም የላከችው ሰው ይዳን ይሙት ሳታውቅ ቀጣዩን ታማሚ ትቀበላለች፤ ስህተቷንም ትደግማለች፤ ትክክሏንም ትጠራጠራለች።

ድሬሰሩ በዘመኑ ከሐኪሙ ጎን ቆሞ እያስተረጎመ ይማር ነበር። የዛሬዋ ነርስ ከእርሱ የተሻለ ትምህርት አላት፤ ከሐኪሙ ያላት ርቀት ግን ሊማሊሞን ያህል ሆኗል። ገደሉን ማስተካከል የመንገድ መሐንዲሶች ሥራ ነው። በሪፈር ወረቀቱ ግርጌ ያለውን ባዶ ቦታ መሙላት ግን የእኛ ነው፤ ከነገው ተራችን ጀምሮ ልንሠራው የምንችለውም ይኸው ነው።